አራተኛው ቁራጭ

ሱሃር፣ ክፍል አሥራ አራት፣ ከምሳ በኋላ፤
ውጪው አስፋልት የሚያፈላ፤
ውስጡ ጦሳ ነው፣ የሚያስደርብ ጃኬት፤
ኤሲው ያጉረመርማል እንደ ባለ ዕዳ ጎረቤት።

ሃያ አራት ተማሪ፣ ሃያ አራት ዝምታ፤
እኔ አወራለሁ፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ያለፋታ፤
እነሱ ይጽፋሉ፤
«ገባችሁ?» ስላቸው ራስ ይነቀንቃሉ።
የኮርሱ ስም «ንግግር»፤ ተናጋሪው ግን አንድ፣
እሱም ደመወዝተኛ፣ ሆኖበት ግድ።

የክፍሉ ሹም መጡ፣ ዶክተር ነስር ናቸው፤
«በቡድን አድርጋቸው፤
ተባብረው ይማሩ፣ እርስ በርሳቸው ነው አፍ የሚፈታቸው።»

ቡድን!
ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ከደሴ ነው የመጣሁ፤
አንድ ለአምስት ተብዬ፣ ተቧድኜ ያደግሁ።
መሪያችን ይጽፋል፤ እኛ አምስታችን ፈርመን
«ተወያይተናል» እንላለን፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ፣ አንገት ደፍተን።
የዝምታ ማኅበር ነበር፣ መዝገብ ያለው፣
ሊቀመንበር ያለው።

ስለዚህ ሌሊቱን መቀስ ይዤ አደርኩ፤
አንድ ታሪክ ጻፍኩ፣ አራት ቦታ ቆረጥኩ።
አንደኛው ቁራጭ፣ ዓሣ አጥማጁ ከወደብ ሲወጣ፤
ሁለተኛው መረብ ሲጥል፣ ሦስተኛው ነፋስ ሲመጣ፤
አራተኛው፣ ይመለስ አይመለስ፣
ማንም አያውቅ፣ ወረቀቱ ድምፅ እስኪለብስ።
ሕጉ አንድ ነው፦ ወረቀት ማሳየት የለም፤
በአፍህ ካላጎረስከው ጎረቤትህ አይቀምስም።

ከመስኮቱ ሥር፦
ሃይተም፣ ቃል የማያልቅበት ወሬኛው፤
ሙዓዝ፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ እንቅልፈኛው፤
ሰልማ፣ በሰው ስህተት ሳቋ የሚቀድማት፤
ረያ ከሻናስ፣ አውቶቡስ አውርዶ የሚረሳት፤
«አቤት» እንኳ የምትለው በጣት።

ሃይተም ጀልባውን አወጣ፤ ሰልማ መረብ ጣለች፤
ሙዓዝ እያዛጋ ነፋሱን አስነሣ፤ ጀልባዋ ተናወጠች፤
ከዚያ
ዝም።

የኤሲው ድምፅ ብቻ።
ሃይተም፣ ያ ሃይተም፣ አፉን ዘግቶ ጠበቀ፤
ቢለፈልፍ ዓሣ አጥማጁ እንደማይድን ዐወቀ።
ሙዓዝ ነቃ።
ሰልማ ወንበሯን ወደ ረያ ሳበች፤
«ሰውየው ሞተ እንዴ?» አለች።
ረያ ወረቀቷን ከጭኗ ላይ ገለበጠች፣
አየችው፣ መልሳ ደበቀች፤
ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በወንዝ ድንጋይ እንደሚሻገር ሰው፣
አንዱን ረግጣ ሌላውን እየሞከረች፣
«ባሕሩ… ከሰውየው… ተመለሰ» አለች።

እኔ «ሰውየው ከባሕር ተመለሰ» ነበር ያልኩት።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁት፤
የሰልማን ሳቅ ጠበቅሁት።

ሳቅ አልመጣም።
«ባሕር ከሰው ይመለሳል?» አለ ሃይተም፣ የምሩን።
«ይመለሳል» አለች።
«አባቴ። ዓይኑ ጠፋ። ጀልባ ሸጠ።
ጠዋት፣ በር ላይ፣ እግሩ ይጠብቃል።
ባሕር… አይመጣም።»

ግሡ ካለቦታው፣ ጊዜው የተምታታ፤
ሰልማ የጠፋባትን ቃል አበደረቻት፣ በዝግታ፤
ሙዓዝ «አሁንስ ምን ይሠራል?» አለ፤
ሃይተም «ጀልባውን ማን ገዛው?» አለ፤
ገቡ፣ አራቱም፣ እኔ ያልጻፍኩት፣
በመቀስ ያልቆረጥኩት
ታሪክ ውስጥ። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩት።

ሰዓቱ አልቆ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ድምፅ አለ፤
ከአራቱ የትኛው የማን እንደሆነ ጆሮዬ አልለየም።

ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን አለ፣ «የስህተት ብዛት» የሚል፤
ዶክተር ነስር ቁጥር ይፈልጋሉ፤
እሳቸውም ከበላይ ይጠየቃሉ።
ቆጠርኩ፤ የረያ ብቻ አሥራ አንድ።

በደሴ፣ በስድስታችን መሀል፣ ዓመቱን ሙሉ
አንድም ስህተት አልነበረም፤
ማንም አልተናገረማ።

አሥራ አንድ
ብዬ፣ ጎላ አድርጌ ጻፍኩ።